ኢብኑል ሀይሠም፦ አይበቃም ማለትን ያወቀ ሊቅ



በዚህ ዓምድ ከሙስሊሙ ዓለም ሊቃውንት የአንዱን ሕይወት በአጭሩ ማቅረብ ልማዳችን ነው። በዚህ እትም ግን ታሪኩን የምናቀርበው ዕዳ ስላለብንም ጭምር ነው። ዕዳው ያለብን ለአንዲት የመልካ ጀብዱ ተማሪ ነው።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከመካከላችን ጥቂቶቻችን መልካ ጀብዱ እየሄድን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሒሳብ ስናስጠና ነበር። የምንገናኘው ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች ከሥራ በሚወጡበት ሰዓት ገደማ ነበር። አንድ ቀን ልጆቹ ደከም ሲላቸው መዝናኛ ይሁናቸው ብለን አንድ የቆየ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፍን። ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5 እና ለ6 ሲካፈል ሁልጊዜ 1 የሚተርፈው፣ ለ7 ሲካፈል ግን ምንም የማይተርፈው ቁጥር የትኛው ነው? በያዝነው ወረቀት ላይ መልሱ 721 ተብሎ ተጽፏል። ከኋላ የተቀመጠች የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣችና 301 ነው አለች። እኛም ወረቀቱን አየንና ተሳስተሻል አልናት። ልጅቷ አልተከራከረችም፤ ደብተሯን ዘግታ ተቀመጠች።

ወደ ግቢ ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ አንዳችን ስልኩን አውጥቶ ሞከረው። 301 ለ7 ሲካፈል ልክ 43 ይደርሳል። 1 ሲቀነስለት የሚቀረው 300 ደግሞ ለ2ም፣ ለ3ም፣ ለ4ም፣ ለ5ም፣ ለ6ም ያለ ቀሪ ይካፈላል። ልጅቷ ትክክል ነበረች። የእኛም 721 ትክክል ነው። የተሳሳተው እሷን ተሳስተሻል ያልንበት ድፍረት ነው።

በኋላ የጥያቄውን ምንጭ ስንፈልግ ያገኘነው ነገር ይበልጥ አሳፈረን። ይህን ጥያቄ ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት የፈታው ሊቅ ጥያቄው ብዙ መልሶች እንዳሉት ራሱ ጽፎታል። ሊቁ አቡ ዐሊይ አል-ሐሰን ኢብኑል ሐሰን ኢብኑል ሀይሠም ይባላል።

ከበስራ እስከ ካይሮ

ኢብኑል ሀይሠም በ354 ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ965 ገደማ፣ በዛሬዋ ኢራቅ በምትገኘው በበስራ ከተማ ተወለደ። በዘመኑ የዩክሊድ የጂኦሜትሪ መጻሕፍትና የበጥሊሞስ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ አልመጅስጢ ወደ ዐረብኛ ከተተረጎሙ ቆይተዋል። ኢብኑል ሀይሠምም በእነዚህ መጻሕፍት ላይ አደገ። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት በበስራ በመንግሥት ሥራ ተመድቦ ቢሠራም ልቡ ከዕውቀት ጋር ስለነበር ሥራውን ተወው።

ስሙ ከበስራ አልፎ ሲሰማ አንድ ወሬ ካይሮ ደረሰ። ኢብኑል ሀይሠም በግብፅ ቢኖር ኖሮ የአባይ ውሃ ሲበዛም ሲያንስም የሚጠቅምበትን መላ ይሠራ ነበር ማለቱ ተነገረ። ያን ጊዜ ግብፅን የሚገዛው ፋጢሚዩ ኸሊፋ አል-ሓኪም ነበር፤ የገዛውም እ.ኤ.አ. ከ996 እስከ 1021 ነው። አል-ሓኪም የዕውቀት ወዳጅ ነበር፤ ቁጣው ደግሞ ያልታሰበና ብዙ ባለሥልጣናትን ሕይወታቸውን ያስከፈለ ነበር። ኸሊፋው ሊቁን አስጠራው፤ ሲመጣም ከካይሮ ወጥቶ ተቀበለው ይባላል።

የድሬዳዋ ሰው የዚህን ጉዳይ ክብደት ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው፤ በአካባቢያችን ዓመቱን ሙሉ አሸዋ የሚመስለው ወንዝ በአንድ ሌሊት ምን እንደሚያደርግ ደግሞ የ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ጎርፍ አሳይቶናል። ለግብፅ ገበሬ የአባይ ጎርፍ ካነሰ ረሀብ፣ ከበዛ ጥፋት ነበር። ያ ጎርፍ በአብዛኛው የሚነሣው ደግሞ ከእኛው ደጋ፣ ከክረምቱ ዝናብ ነው።

ኢብኑል ሀይሠም ሠራተኞችና ገንዘብ ተሰጥተውት ወንዙን ተከትሎ ወደ ደቡብ ተጓዘ። በመንገዱ የጥንት ግብፃውያን የሠሯቸውን ሕንፃዎች አየ፤ ልካቸውንና የጂኦሜትሪ ጥራታቸውን አስተዋለ። እነዚህ ሰዎች ይህን ያህል እያወቁ ወንዙን ያልገደቡት ሊሆን የማይችል ቢሆን ነው ብሎ ማሰብ ጀመረ። አስዋን አጠገብ ውሃው በድንጋዮች መካከል ወደሚወርድበት ቦታ ሲደርስ ከዚህም ከዚያም ዳር ሆኖ መረመረው። ያሰበው ነገር በእጁ ባለው መሣሪያና አቅም እንደማይሠራ አረጋገጠ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሊቁ በኸሊፋው ገንዘብ፣ በኸሊፋው ሠራተኞች፣ የኸሊፋውን ተስፋ ተሸክሞ ሄዷል። ጥቂት ድንጋይ አስከምሮ፣ ጥቂት ዓመት አራዝሞ፣ ጥፋቱን በሌላ ማሳበብ ይችል ነበር። እሱ ግን ካይሮ ተመልሶ አልችልም፣ ስሌቴ አልበቃም አለ። በአስዋን ታላቁ ግድብ ተሠርቶ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1970፣ በዘመኑ ሲሚንቶና ማሽን፣ ከ900 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እኛም በላይኛው አባይ ላይ የሕዳሴ ግድብ ሲሠራ ስንት ዓመትና ስንት ሀብት እንደጠየቀ አይተናል።

አል-ሓኪም ላይ ላዩን ምክንያቱን ተቀበለውና ሥራ ሰጠው። ኢብኑል ሀይሠም ግን የኸሊፋው ፊት እንደማይታመን ስላወቀ ያበደ መሰለ። ንብረቱ ተወረሰ፤ እሱም በቤቱ እንዲቀመጥ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1021 አል-ሓኪም ወጥቶ ሳይመለስ ሲቀር ሊቁ እብደቱን ጥሎ ወጣ፤ በአል-አዝሀር መስጂድ አጠገብም መኖር ጀመረ። ኑሮውን የሚገፋው በእጅ ጽሑፍ ነበር። በየዓመቱ የዩክሊድን መጽሐፍ፣ አልመጅስጢንና በሁለቱ መካከል የሚጠኑትን የሒሳብ መጻሕፍት ይገለብጥና በ150 ዲናር ይሸጥ ነበር፤ ያ የዓመት ቀለቡ ነው።

ይህን ታሪክ የጻፈልን ኢብኑል ቂፍጢ ነው፤ የሞተውም እ.ኤ.አ. በ1248፣ ከሊቁ ሞት 200 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። አል-በይሀቂ የተባለ ከእሱ የቀደመ ጸሐፊ ደግሞ ኸሊፋው ሐሳቡን እንዳልተቀበለውና ሊቁ ወደ ሻም እንደሸሸ ይናገራል። ስለዚህ እያንዳንዷን ዝርዝር እንደ ዓይን ምስክር ቃል አንወስዳትም። የሊቁን የአስተሳሰብ መንገድ ለማወቅ ግን ወሬ አያስፈልገንም፤ መጻሕፍቱ በእጃችን አሉ።

ሁለቱ አብረው ይበቃሉ

ከሁሉም የታወቀው ኪታቡል መናዚር ነው፤ ስለ ብርሃንና ስለ ማየት የተጻፈ፣ በሰባት ክፍል የተከፈለ ሥራ ነው። ከእሱ በፊት እነ ዩክሊድና በጥሊሞስ ዓይን ጨረር ትልካለች፣ ጨረሩ ነገሩን ሲነካ እናያለን ይሉ ነበር። ስሌታቸው ያማረ ነው፤ መስመርና አንግል አለው። የተፈጥሮ ፈላስፎች ደግሞ ከሚታየው ነገር ወደ ዓይን የሚመጣ አንዳች ነገር አለ ይሉ ነበር፤ ስሌት ግን አልነበራቸውም።

ኢብኑል ሀይሠም ሁለቱንም ወገን መረመረ። ዓይን ፀሐይን ትኩር ብላ ስታይ እንደምትታመም አስተዋለ፤ ታዲያ ከውጭ የሚገባ ነገር ከሌለ ምን ያሳምማታል? በጨለማ ክፍል ቀዳዳ ፊት ብዙ መብራቶችን ደርድሮ የሁሉም ብርሃን በግድግዳው ላይ ለየብቻው ሲያርፍ አየ። አንዱን መብራት ሲጋርደው የዚያ መብራት ነጥብ ብቻ ይጠፋል። ስለዚህ ብርሃን በቀጥታ መስመር ይጓዛል፤ ከነገሮች ተነሥቶ ወደ ዓይን ይገባል። የሒሳብ ሊቃውንቱን መስመር ከፈላስፎቹ ብርሃን ጋር አንድ ላይ ሲያደርግ፣ ለየብቻ ያልበቁት ሁለቱ ሐሳቦች አብረው በቁ።

መጽሐፉ ወደ ላቲን ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1572 በባዝል ታተመ፤ አውሮፓውያን ደራሲውን አልሀዘን እያሉ ለዘመናት ተማሩበት። በጨረቃ ላይ ካሉት ጉድጓዶች አንዱ በዚህ ስም ይጠራል።

የ7 ጥያቄ

አሁን ወደ መልካ ጀብዱው ሰሌዳ እንመለስ። ኢብኑል ሀይሠም ጥያቄውን ለ7 ብቻ አልፈታውም። ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ ለሌለው ለማንኛውም ፕራይም ቁጥር የሚሠራ መንገድ አሳየ። ከፕራይሙ በታች ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ እርስ በርስ አባዛ፣ 1 ጨምር፤ የመጣው ቁጥር ለፕራይሙ ያለ ቀሪ ይካፈላል። ለ7 ብንሞክረው 1×2×3×4×5×6 = 720፣ 1 ሲጨመር 721፤ እሱም 7×103 ነው። ለ5 ደግሞ 1×2×3×4 = 24፣ 1 ሲጨመር 25። ፕራይም ባልሆነው በ6 ብንሞክረው 120 ሲደመር 1፣ 121 ይሆናል፤ ለ6 አይካፈልም።

ይህ የፕራይም ቁጥሮች ጠባይ ዛሬ በየመማሪያው የዊልሰን ቲዎረም ይባላል። ስሙን ያገኘው እንግሊዛዊው ዋሪንግ እ.ኤ.አ. በ1770 ባሳተመው መጽሐፍ ግኝቱን የተማሪው የጆን ዊልሰን ነው ስላለ ነው። ሙሉ ማረጋገጫውን ላግራንዥ በ1771 ሰጠ። ኢብኑል ሀይሠም ጠባዩን ሲጽፍ ከእነዚህ ሰዎች በ700 ዓመት ይቀድም ነበር።

ለእኛ ትልቁ ትምህርት ግን ሁለተኛው መንገዱ ነው። ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5 እና ለ6 በጋራ የሚካፈለው ትንሹ ቁጥር 60 ነው። እንግዲህ በ60 እየዘለልን 1 እየጨመርን ብንሄድ 61፣ 121፣ 181፣ 241፣ 301 እናገኛለን፤ ከእነዚህ ለ7 የሚካፈለው የመጀመሪያው 301 ነው። ከዚያ በኋላ በ420 ልዩነት 721፣ 1141፣ 1561 እያለ ማለቂያ የለውም። ሊቁ የመጀመሪያው መንገድ አንድ መልስ እንደሚሰጥ፣ ሁለተኛው ግን ሁሉንም እንደሚሰጥ ለይቶ አስቀምጧል። የተሰጠው መረጃ ቁጥሩን ለይቶ ለመናገር አይበቃም ማለት ነው።

ለፈተና ለምትዘጋጁ

ከመካከላችን ለድኅረ ምረቃ መግቢያ የምትዘጋጁ ይህን ነገር ወዲያው ታውቁታላችሁ። ጂማትን በመሰሉ ፈተናዎች ዳታ ሰፊሸንሲ፣ በእኛ ቋንቋ የመረጃ በቂነት ልንለው የምንችለው የጥያቄ ዓይነት አለ። አንድ ጥያቄ ይቀርባል፤ ከሥሩ ሁለት መረጃዎች ይሰጣሉ። የሚፈለገው መልሱን ማስላት ሳይሆን መረጃው ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን መለየት ነው። ምርጫዎቹም አምስት ናቸው፦ የመጀመሪያው ብቻውን ይበቃል፤ ሁለተኛው ብቻውን ይበቃል፤ ለየብቻ አይበቁም አብረው ግን ይበቃሉ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይበቃል፤ አብረውም ቢሆን አይበቁም።

ብዙዎቻችን የምንወድቀው ፍጹም ዋጋ፣ ማለትም አብሶሉት ቫልዩ፣ ከፕራይም ቁጥር ጋር ሲመጣ ነው። ምልክቱን፣ ሁለቱን ቋሚ መስመሮች፣ ጀርመናዊው ቫየርሽትራስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተጠቀመበት ነው፤ ትርጉሙ ግን ቀላል ነው፤ ርቀት ማለት ነው። ርቀት ደግሞ ሁለት አቅጣጫ አለው።

አንድ የተደበቀ ሙሉ ቁጥር አለ እንበል። የመጀመሪያው መረጃ ቁጥሩ ከ10 ያለው ርቀት 3 ነው ይላል። ሁለተኛው መረጃ ቁጥሩ ከ10 ያንሳል ይላል። ጥያቄው ቁጥሩ ስንት ነው የሚል ከሆነ የመጀመሪያው ብቻውን አይበቃም፤ 7ም 13ም ይሆናልና። ሁለተኛውም ብቻውን አይበቃም። አብረው ግን 7 ብቻ ስለሚተርፍ ይበቃሉ። አሁን ጥያቄውን ብቻ እንቀይር፦ ቁጥሩ ፕራይም ነውን? 7ም 13ም ፕራይም ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩን ባናውቀውም የመጀመሪያው መረጃ ብቻውን በቃ።

ሌላ እንጨምር። የቁጥሩ ፍጹም ዋጋ 7 ነው ቢባልና ፕራይም ነውን ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ሰው ቸኩሎ አዎን ይላል። ግን ቁጥሩ ከዜሮ በታች ያለው 7 ሊሆን ይችላል፤ ፕራይም የሚባለው ደግሞ ከ1 የሚበልጥ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ አይበቃም።

የኢብኑል ሀይሠምን ጥያቄ በዚሁ ዓይን እንየው። ቁጥሩ ስንት ነው ለሚለው መረጃው አይበቃም። ቁጥሩ ጎዶሎ ነውን ለሚለው ይበቃል፤ ለ2 ሲካፈል 1 ይተርፈዋልና። ቁጥሩ ፕራይም ነውን ለሚለውም ይበቃል፤ መልሱ አይደለም ነው። ለ7 የሚካፈል ፕራይም 7 ራሱ ብቻ ነው፤ 7 ደግሞ ለ4 ሲካፈል 3 ስለሚተርፈው ሊሆን አይችልም። ቁጥሩ ከ500 ያንሳል የሚል መረጃ ቢጨመር ደግሞ የልጅቷ 301 ብቻውን ይቀራል። እኛ ያልጨመርነው መረጃ ይኸው ነበር።

ኋላ ስናሰላው አንድ ነገር አስገረመን። 301 እና 721 ሁለቱም ከ511 በ210 ይርቃሉ። እሷ በአንደኛው፣ እኛ በሌላኛው ወገን፣ እኩል ርቀት ላይ ቆመን ነበር። አንዱን ወገን ብቻ አይቶ ሌላውን ስህተት ማለት በፍጹም ዋጋ ጥያቄ የሚሠራው የዘወትር ስህተት ነው፤ እኛ በሰው ላይ ሠራነው።

ሳይጨርስ የተወው

ሊቁ ሁሉንም ፈትቷል ብለን እንዳንጨርስ አንድ ነገር እንጨምር። አካፋዮቹ ከራሱ በቀር ሲደመሩ ራሱን የሚሰጡ ቁጥሮች አሉ፤ 6 ከ1፣ 2 እና 3፤ 28 ደግሞ ከ1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14። ዩክሊድ እንዲህ ያለ ቁጥር ለማግኘት የሚበቃ መንገድ አሳይቶ ነበር፦ ከ1 ጀምረህ እያጠፍክ ደምር፤ ድምሩ ፕራይም ከሆነ በመጨረሻው ቁጥር አባዛው። 1+2+4 = 7፣ 7×4 = 28። ኢብኑል ሀይሠም ተገላቢጦሹን ጠየቀ፦ መንገዱ ይበቃል፤ ግን ሌላ መንገድ አለመኖሩን በምን እናውቃለን? ለማረጋገጥ ሞከረ፤ ሙሉ በሙሉ አልተሳካለትም። ለሙሉ ቁጥሮች፣ ማለትም ለ2 ለሚካፈሉት፣ ያረጋገጠው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኦይለር ነው። ጎዶሎ የሆነ እንዲህ ያለ ቁጥር ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ የሚያውቅ ሰው የለም።

በበጥሊሞስ ላይ የተነሡ ጥርጣሬዎችን በጻፈበት መጽሐፉም ያው ጠባዩ ይታያል። የሊቅ ስም ለእውነት ማስረጃ አይበቃም፤ እውነትን የሚፈልግ ሰው የሚያነበውን ሁሉ፣ ራሱንም ጨምሮ፣ መጠርጠር አለበት የሚል አቋም ነበረው። በ430 ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1040 ገደማ፣ በካይሮ አረፈ፤ ረሒመሁላህ። የታሪክ ጸሐፊዎች በስሙ ከ90 በላይ ድርሰቶች ዘርዝረዋል።

እኛ በሚቀጥለው ሳምንት መልካ ጀብዱ ስንሄድ ከሁሉ በፊት ሰሌዳው ላይ 301 ብለን ጻፍን። በልጆቹ ሁሉ ፊት እህታችንን ዐፉ በይን አልናት፤ እንዴት እንዳገኘችውም እንድታስረዳ ጠመኔውን ሰጠናት። በ60 እየዘለለች ጻፈች፤ የኢብኑል ሀይሠም ሁለተኛ መንገድ ነበር፤ ስሙን ግን ሰምታው አታውቅም። ጨርሳ ስትመለስ አንድ ጥያቄ ትታልን ተቀመጠች፦ በ7 ፋንታ 11 ቢሆንስ? ከ2 እስከ 10 ባሉት ሁሉ ሲካፈል 1 የሚተርፈው፣ ለ11 ግን ያለ ቀሪ የሚካፈለው ትንሹ ቁጥር ስንት ነው?

የሊቁ የመጀመሪያ መንገድ ከሦስት ሚሊዮን የሚበልጥ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ትንሹ ግን እሱ አይደለም። ያገኛችሁ መልሱን ከነአሠራሩ ለዝግጅት ክፍሉ አድርሱን። በዚህ ጊዜ ወረቀት አይተን ተሳስታችኋል አንላችሁም፤ ቁጭ ብለን አብረን እናሰላለን፣ ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።